«ኮም ኦን ኦቨር»፦ በአንድ ስም ሁለት አልበም

ሁለት ሰዎች በ«ኮም ኦን ኦቨር» ላይ ሲከራከሩ ከሁሉ በፊት «የትኛውን ነው የሰማችሁት?» ተብለው መጠየቅ አለባቸው። የሻናያ ትዌይን ሦስተኛ የስቱዲዮ አልበም ኖቬምበር 4 ቀን 1997 በሰሜን አሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በፌብሩዋሪ 1998 ለቀረው ዓለም ሲቀርብ ግን ተለውጦ ነበር። ስሙ ያው፣ ዘፈኖቹ ያው 16፣ የዘፋኟም ድምፅ ያው ነው፤ ቫዮሊኑና ተቀምጠው የብረት ዘንግ እያንሸራተቱ የሚጫወቱት ፔዳል ስቲል ጊታር ግን ወደ ኋላ ተገፍተው በቦታቸው ኪቦርድና የኤሌክትሮኒክ ድምፅ ጎልቷል። የዘፈኖቹ ቅደም ተከተልም ተገለባብጧል። የአሜሪካ የካንትሪ ሙዚቃ መናኸሪያ በሆነችው ናሽቪል ውስጥ «ይኼ ካንትሪ ነው ወይስ ፖፕ?» የሚለው ጭቅጭቅ ሲጦፍ፣ ለንደን ላይ አልበሙን የገዛ ሰው የጭቅጭቁ መነሻ የሆኑትን መሣሪያዎች በቅጡ አልሰማቸውም። ስለዚህ አልበም የተጻፈው ሙገሳም ወቀሳም እርስ በርሱ የሚጋጨው በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለ ሠሪዎቹ ጥቂት እንበል። ትዌይን ካናዳዊት ናት። ኦንታሪዮ ውስጥ ዊንዘር ተወልዳ፣ በስተሰሜን ባለችው የማዕድን ከተማ በቲሚንስ በችግር አደገች። በ1987 እናቷና እንጀራ አባቷ በመኪና አደጋ ሲሞቱ ታናናሾቿን የማሳደጉ ሸክም እሷ ላይ ወደቀ፤ ሀንትስቪል አጠገብ ባለው ዲርኸርስት ሪዞርት እየዘፈነች ቤተሰብ አስተዳደረች። በ1993 በስሟ የወጣው የመጀመሪያ አልበሟ ከሞላ ጎደል በሌሎች ሰዎች ግጥምና ዜማ የተሠራ ስለነበር ማንነቷን አላሳየም፤ ገዢም አላገኘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ያገባችው ሮበርት ጆን «መት» ላንግ የካንትሪ ሰው አልነበረም። የኤሲ ዲሲን «ባክ ኢን ብላክ» እና የዴፍ ሌፐርድን «ሂስቴሪያ» ፕሮዲዩስ ያደረገ፣ ስታዲየም የሚያናውጥ ሮክ እንዴት እንደሚገነባ ጠንቅቆ የሚያውቅ ባለሙያ ነው። የሁለቱ የመጀመሪያ ሥራ «ዘ ውማን ኢን ሚ» በ1995 ወጥቶ ከጊዜ በኋላ በአሜሪካ ብቻ የ12 ሚሊዮን ቅጂ ማረጋገጫ ሲያገኝ ናሽቪል ክው አለች። ትዌይን ያንን አልበም ይዛ ኮንሰርት አለመዞሯ ደግሞ «ስቱዲዮ የፈጠራት ናት፣ መድረክ አትችልም» ለሚሉት ጥሩ ሰበብ ሆናቸው። «ኮም ኦን ኦቨር» የተሠራው ይህ ሐሜት ገና ሳይበርድ ነው።

16ቱንም ዘፈኖች የጻፉት ባልና ሚስቱ ብቻ ናቸው። በናሽቪል ልማድ ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ እዚያ አንድ ዘፋኝ አልበም ሲያስብ በተለምዶ ከዘፈን አሳታሚዎች የሚላኩለትን የናሙና ቅጂዎች ሰምቶ ይመርጣል። ተጫዋቾቹ ግን የከተማዋ ምርጦች ናቸው፤ ድራሙን ፖል ላይም፣ ቤዙን ጆ ቼሜይ፣ ጊታሩን ዳን ሃፍና ብሬንት ሜሰንን የመሳሰሉ፣ ፔዳል ስቲሉን ፖል ፍራንክሊን ይጫወታሉ። ሚክሱን፣ ማለትም የድምፆቹን ሚዛን፣ የሠራው ማይክ ሺፕሊ ከላንግ ጋር ከዴፍ ሌፐርድ ዘመን ጀምሮ አብሮ የኖረ ሰው ነው። እንግዲህ የካንትሪ እጆች በሮክ መሐንዲሶች ሥር ገቡ ማለት ነው።

የላንግ ዘዴ አንዴ ከታወቀ በኋላ ከየትም ይለያል። ዘፈኑ ገና ሲከፈት ለብቻው ሊታወስ የሚችል አጭር ሐረግ ይመጣል፤ ጊታር ሊሆን ይችላል፣ ወይ ቫዮሊን፣ ወይ ጩኸት። ከዚያ አጠር ያለ የስንኝ ክፍል፣ ከዚያ ዜማውን ወደ ላይ የሚያንደረድር መሸጋገሪያ፣ ከዚያ ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አዝማቹ። ረጅም የመሣሪያ ሶሎ የለም። አዝማቹ ላይ ብዙ ሕዝብ የሚቀበል ይመስላል፤ እነዚያ ተቀባዮች በዋናነት ላንግና ትዌይን ራሳቸው ናቸው፣ ደጋግመው እየዘፈኑ አንዱን ቅጂ በሌላው ላይ የደረቡት። በጆሮ ማዳመጫ ስትሰሙት በየስንኙ መካከል የተሰገሰጉ ሹክሹክታዎች፣ ሳቆችና እህታዎች ታገኛላችሁ፤ በስልክ ስፒከር ግን ይህ ሁሉ ተጨፍልቆ አንድ የሚጮህ ነገር ይሆናል። «ድምፁ ሁሉ ፕላስቲክ ነው» የሚል አስተያየት ከምን ዓይነት ስፒከር እንደመጣ መጠየቅ አግባብ ነው።

ዘዴው ዋጋም ያስከፍላል። የድራሙ ድምፅ ከዘፈን ዘፈን እምብዛም አይለወጥም፣ የአዝማቹ ጉልበት ሁልጊዜ አንድ ነው፣ ፀጥታ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ለሬዲዮ ይህ ጥሩ ነው፤ ዘፈኑ በማንም መካከል ቢገባ ጎልቶ ይሰማል። ለአንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ለሚያዳምጥ ግን ከአሥረኛው ዘፈን በኋላ ጆሮ ይደክማል። የዘመኑ አንዳንድ ሃያስያን «ከመጠን በላይ ተሠርቷል» ሲሉ የተናገሩት ይህንኑ ነው፤ እውነትም አላቸው። አልበሙን በሁለት ከፍሎ ስምንት ስምንት ዘፈን መስማት የተሻለ ነው።

የመጀመሪያው የአሜሪካ እትም የሚከፈተው በ«ማን! አይ ፊል ላይክ ኤ ውማን!» ነው። ሴቶችን ለጨዋታ የምትጠራው ያቺ አጭር የንግግር መግቢያና ጥሩምባ የሚመስለው ሐረግ ገና ከመጀመሪያው ሰከንድ አዳራሹን ይይዙታል። ዘፈኑ የሚናገረው ነገር ቀላል ነው፤ ሴት ከቤት ወጥታ ትዝናና፣ አጭር ቀሚስ ትልበስ፣ ለማንም ማብራሪያ አይጠበቅባትም። ብልሃቱ ያለው በዜማው አወራረድ ላይ ነው። ስንኞቹ ዝቅ ብለው በትዌይን ወፍራም የታችኛ ድምፅ ይሄዳሉ፣ መሸጋገሪያው ቃላቱን እየቆራረጠ ውጥረት ይፈጥራል፣ አዝማቹ ሲመጣ ድምፁ ይከፈታል። ፖል ቦይድ የሠራው ቪዲዮ ደግሞ ሮበርት ፓልመር ከኋላው ተመሳሳይ ልብስ የለበሱ ሴቶችን አሰልፎ የሠራውን የታወቀ ቪዲዮ ገልብጦ ወንዶቹን ከኋላዋ አሰለፋቸው። ቀልዱ ያለ ማብራሪያ ገባ።

«ዩር ስቲል ዘ ዋን» የአልበሙ ልብ ነው። በዕድሜ 16 ዓመት የሚበልጣትን፣ ሩቅ ለሩቅ የተዋወቀችውን ፕሮዲዩሰር ስታገባ «አይዘልቁም» ላሉት የተሰጠ መልስ ነው። ከሌሎቹ የሚለየው ላንግ እጁን ስለሰበሰበ ነው፤ ምቱ የተረጋጋ ነው፣ ስንኞቹ ላይ ክፍት ቦታ አለ፣ አዝማቹ ላይ የሚቀበላትም በዋናነት አንድ የወንድ ድምፅ ነው፤ ያውም የባሏ። በአሜሪካው እትም ከበስተኋላ የሚንሸራተተው ፔዳል ስቲል፣ ማሲንቆ ላይ ጣት ሲንሸራተት እንደሚያለቅሰው፣ የደስታውን ዘፈን ትንሽ ሐዘን ይቀባዋል። የዓለም አቀፉ እትም ይህን ሐዘን ስላሳነሰው ዘፈኑ ጠርቷል፣ ግን ቀሏል። ባልና ሚስቱ ከዓመታት በኋላ፣ በ2010፣ ተፋቱ፤ ዘፈኑን ግን ሠርገኛ አልተወውም።

«ዛት ዶንት ኢምፕሬስ ሚ መች» በአልበሙ ውስጥ ግጥሙ ከሁሉም የተሳለው ነው። ሦስት ወንዶች ተራ በተራ ይቀርባሉ፤ ሁሉን አዋቂ ነኝ ባዩ፣ መስታወትና ማበጠሪያ ከእጁ የማይጠፋው ቁንጅና አምላኪ፣ መኪናው ውስጥ ከመግባቷ በፊት ጫማ የሚያስወልቀው። ሦስቱም በአንድ ቃል ይሰናበታሉ፤ «አልደነቀኝም»። ትዌይን እዚህ ጥሩ ተዋናይት ናት፤ ከመዝፈን ወደ መናገር ወርዳ፣ ቃሉን ጎትታ፣ ትከሻዋን ስትነቀንቅ የሚታይ እስኪመስል ድረስ ትጥለዋለች። «ሀኒ፣ አይም ሆም» ደግሞ የቆየውን የቤት ሥርዓት ይገለብጠዋል። ከሥራ ደክሞ ገብቶ «እግሬን እሹልኝ፣ መጠጥ አምጡልኝ» የሚለው አባወራ እዚህ ሴቷ ናት። እግር እየመታ የሚሄደው ምቱ ከላንግ የስታዲየም ሮክ በቀጥታ የመጣ ነው፤ ናሽቪል ያኮረፈችበት ድምፅ ያውም የካንትሪ ሰንጠረዥ ላይ አንደኛ ወጣ።

ሳቅና ጨዋታው የሸፈናቸው ሁለት ዘፈኖች አሉ፤ ከሚገባቸው ያነሰ የተወራላቸው። «ብላክ አይስ፣ ብሉ ቲርስ» ባሏ የሚደበድባት ሴት በቃኝ ብላ ስትወጣ የሚናገር ነው። ካንትሪ ለዚህ ዓይነት ታሪክ ሁልጊዜ የሚሰጠው ዝግ ያለ የልቅሶ ዜማ ነበር፤ ትዌይንና ላንግ ፈጣንና ድል የሚያበስር ምት ሰጡት። አንዳንዱን አድማጭ ይህ ያውከዋል፤ ቁስሉን አቃለሉት ይላል። ነገር ግን ዘፈኑ የሚጀምረው ዱላው ካለፈ በኋላ፣ በሩ ላይ ነው፣ ስለዚህ ምቱ ከቦታው አልተዛነፈም። «ኢፍ ዩ ዋና ተች ኸር፣ አስክ!» ርዕሱ ራሱ ትምህርቱ ነው፤ ልትነካት ከፈለግህ ጠይቅ። በ1997 በካንትሪ ሬዲዮ አካባቢ እንዲህ በግልጽ የሚናገር ብዙ አልነበረም። (በነገራችን ላይ ቃለ አጋኖው የሚበዛው በከንቱ አይደለም፤ «ዋተቨር ዩ ዱ! ዶንት!» የሚል ርዕስ ላይ ሁለት ቃለ አጋኖ ያስቀመጠ ሰው አዝማቹን እንዴት እንደሚያስጮኸው መገመት አያቅትም።)

የደከሙት የትኞቹ ናቸው? «ሮክ ዚስ ካንትሪ!» ለኮንሰርት መክፈቻ ተብሎ የተሠራ መፈክር ነው፤ ከሩቅ ሆኖ ማጨብጨብ ይቻላል፣ ቤት ውስጥ ግን የሚይዙት ነገር የለውም። «ዌን» የማይሆኑ ነገሮችን እየዘረዘረ፣ ዝሆን ሲበር ያኔ ተስፋ አደርጋለሁ ዓይነት፣ አንድ ቀልድ ይዞ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። «ፍሮም ዚስ ሞመንት ኦን» ከብራያን ዋይት ጋር የተዘፈነ የሠርግ ዜማ ነው፤ ድምፃቸው ተስማምቷል፣ መጨረሻው ላይ ግን ዘፈኑ ከሚሸከመው በላይ ይነሣል። ለፖፕ ሬዲዮ የተዘጋጀው የትዌይን ብቸኛ ቅጂ፣ ምንም እንኳ ይበልጥ የተጋነነ ቢሆን፣ ቢያንስ የማንን ልብ እንደምንሰማ ያሳውቃል። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው «ኮም ኦን ኦቨር» ከሦስት ደቂቃ በታች የሆነ፣ አኮርዲዮን ያለበት፣ ቀለል ያለ ጨዋታ ነው፤ መደነቅ አይፈልግም፣ ስለዚህም አይሰለችም።

አሁን ወደ ሁለቱ እትሞች። ዋናው ልዩነት የሚሰማው በፈጣኖቹ ዘፈኖች ላይ ነው። በአሜሪካው እትም «ዶንት ቢ ስቱፒድ» እና «ላቭ ጌትስ ሚ ኤቭሪ ታይም» የቆሙት በቫዮሊን ላይ ነው። ቫዮሊኑ ዜማውን ይመራል፣ ከዘፋኟ ጋር ይመላለሳል፣ በአዝማቹ መጨረሻ የጎደለውን ይሞላል። በዓለም አቀፉ እትም ያ መሪ ሲነሣ ዘፈኑ ክፍተት ይኖረዋል፤ ክፍተቱን ኪቦርድና ጊታር ሞልተውታል፣ ነገር ግን ዜማው ሲጻፍ ለቫዮሊን ምልልስ ተብሎ የተተወው እስትንፋስ አሁንም ስላለ አንዳንድ ቦታ ላይ የጠፋ ሰው ወንበር ይታያል። ዝግ ያሉት ዘፈኖች ጉዳታቸው አነስተኛ ነው። «ማን!» ደግሞ መጀመሪያውኑ ሮክ ስለሆነ በሁለቱም ቤቱ ነው። «ዛት ዶንት ኢምፕሬስ ሚ መች» በፖፕ ሚክሱ አትርፏል ማለት ይቻላል፤ ፌዘኛ ግጥም ለዳንስ ምት አይከብደውም።

ለምን እንዲህ ተደረገ? በጊዜው ከሰሜን አሜሪካ ውጭ ያሉ ፖፕ ሬዲዮዎች ፔዳል ስቲል ከሰሙ ዘፈኑን ወደ ካንትሪ መደብ ገፍተው አያጫውቱትም ነበር። ፔዳል ስቲል ማለት ተቀምጠው በእግር ፔዳል፣ በጉልበት ማንሻ፣ በእጅ የብረት ዘንግ እያንሸራተቱ የሚጫወቱት ጊታር ነው፤ ድምፁ ብቻውን የዘውጉ ማኅተም ነው። ማኅተሙን አንሱት፣ የቀረው በእንግሊዝኛ የተዘፈነ ጥሩ ፖፕ ነው። የዓለም አቀፉ እትም በ«ዩር ስቲል ዘ ዋን» መከፈቱም የዚሁ ስሌት አካል ነው፤ ጆሮን በለስላሳው ይዞ ወደ ፈጣኑ መሄድ። ነጠላ ዜማዎቹ ለየሬዲዮው እንደገና ሲሚከሱ ደግሞ በ1999 ሌላ የታደሰ የዓለም አቀፍ እትም ወጣ። ላንግና ትዌይን ዘዴውን ከዚያ በኋላ አልደበቁትም፤ በ2002 የወጣው «አፕ!» ያንኑ የዘፈን ስብስብ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ ዲስክ፣ ማለትም በፖፕ፣ በካንትሪና የህንድ ፊልም ሙዚቃን በሚያስታውስ ቅንብር አቅርቦታል።

ገበያው እንዴት ተቀበለው? አልበሙ በአሜሪካ ዋና የአልበሞች ሰንጠረዥ በቢልቦርድ 200 ሁለተኛ ሆኖ ገባ፤ የሚገርመው ደግሞ አንድም ሳምንት አንደኛ አልወጣም። በካንትሪ አልበሞች ሰንጠረዥ ግን 50 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆይቷል። ይህ ሁለት ነገር ያስተምራል። አልበሙ አንድ ሳምንት ፈንድቶ የጠፋ አልነበረም፤ ከ1997 እስከ 2000 በወጡ 12 ነጠላ ዜማዎች እየተደገፈ በዝግታ የተሸጠ ነው። አንዱ ዘፈን ከሬዲዮ ሲወርድ ሌላው ይተካ ነበር፤ ከ12ቱ ስምንቱ በካንትሪ ሰንጠረዥ ከአሥሩ ውስጥ ገብተዋል፣ ሦስቱ («ላቭ ጌትስ ሚ ኤቭሪ ታይም»፣ «ዩር ስቲል ዘ ዋን» እና «ሀኒ፣ አይም ሆም») አንደኛ ወጥተዋል። «ዩር ስቲል ዘ ዋን» በነጠላ ዜማዎች የፖፕ ሰንጠረዥ በሆት 100 ዘጠኝ ሳምንት ሁለተኛ ላይ ተቸክሎ ቀረ፤ በፊቱ በየተራ የቆሙት ኔክስት የተባለው ቡድን እና ብራንዲና ሞኒካ ነበሩ። ብሪታንያ ውስጥ ነገሩ ዘግይቶ ነው የጦፈው፤ በ1999 አልበሙ በጠቅላላው 11 ሳምንት አንደኛ ሆኖ የዓመቱ ከፍተኛ ሽያጭ ያለው አልበም ሆነ። እዚያ የተሸጠው ዓለም አቀፉ እትም መሆኑን አስታውሱ።

ስለ ሽያጩ ቁጥር ብዙ ጊዜ ግርታ ይፈጠራል። የአሜሪካ የቀረጻ ኢንዱስትሪ ማኅበር በ2004 የ20 ሚሊዮን ማረጋገጫ ሰጥቶታል፤ በሱቅ ገንዘብ መቀበያ ላይ የተነበበውን የሚቆጥረው ሳውንድስካን ግን ከ15 ሚሊዮን ትንሽ የዘለለ ነው የሚያሳየው። አንዱ ዋሽቶ አይደለም። ማኅበሩ የሚቆጥረው ከአምራቹ ወደ ሻጮች የተላከውን ነው፤ በ1990ዎቹ ገናና የነበሩት በፖስታ የሚልኩ የሙዚቃ ክለቦችም በሱቅ ቆጠራ ውስጥ አይገቡም ነበር። በዓለም ደረጃ ከ40 ሚሊዮን በላይ ይባላል። «በብቸኛ ሴት አርቲስት ከፍተኛ ሽያጭ ያለው የስቱዲዮ አልበም» ሲባል «ስቱዲዮ» የሚለው ቃል ትልቅ ሥራ ይሠራል፤ የዊትኒ ሂውስተን «ዘ ቦዲጋርድ» የፊልም ሙዚቃ ስብስብ ስለሆነ ነው ከውድድሩ የሚወጣው።

ሽልማቶቹ ሌላ ታሪክ ይናገራሉ። በ1999 የግራሚ ሥነ ሥርዓት «ዩር ስቲል ዘ ዋን» በምርጥ የካንትሪ ዘፈንና በሴት የካንትሪ ድምፃዊት ዘርፍ አሸነፈ፤ በዓመቱ ደግሞ «ማን!» የድምፃዊቷን፣ «ኮም ኦን ኦቨር» የተባለው ዘፈን የካንትሪ ዘፈኑን ዘርፍ ወሰዱ። አራት ግራሚ ማለት ነው። አልበሙ ራሱ ግን አልተሸለመም። የዓመቱን አልበም ሎሪን ሂል፣ የካንትሪ አልበሙን በ«ዋይድ ኦፕን ስፔስስ» ዲክሲ ቺክስ ወሰዱ። የካንትሪ ሙዚቃ ማኅበርም የዓመቱን አልበም በ1998ም በ1999ም ለቲም ማክግሮው ሰጠ። ናሽቪል ዘፈኖቿን አቀፈች፣ አልበሙን ግን በጎሪጥ አየችው። በ1999 ማኅበሩ የዓመቱ ምርጥ የመድረክ ሰው ብሎ ትዌይንን ሲሰይም፣ ክብሩን ያገኘች የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ያልሆነች አርቲስት ነበረች፤ ከ1986ቷ ሪባ ማኬንታየር ወዲህም የመጀመሪያዋ ሴት። የሐሜቱ ማሰሪያ የተፈታው በመድረክ ነው። በሜይ 1998 ካናዳ ውስጥ ሰድበሪ ላይ የተጀመረው ዙር በሕይወቷ በራሷ ስም የመራችው የመጀመሪያው ነበር፤ «አትችልም» ያሉት አፋቸውን ያዙ። ቀልብ የሚስበው ነገር፣ ኮንሰርቱ ላይ ቫዮሊኖቹ ወደ ፊት መጥተው ነበር፤ ዘፈኖቹ ሙሉ ሰውነታቸውን ያገኙት እዚያ ነው።

«ካንትሪን አበላሸችው» የሚለው ክስ ዛሬ ሲታይ ግማሹ ውሃ ያነሣል። ከእሷ በኋላ ናሽቪል ወደ ሮክ ጊታርና ወደ ትልልቅ ድራም ማዘንበሏ አይካድም፤ ከተከተሏት ብዙዎቹ ደግሞ ድምፁን እንጂ ቀልዱን አልወረሱም። የላንግን የተደራረበ የድምፅ ግድግዳ መኮረጅ ቀላል ነው፤ በሦስት ስንኝ አንድን ወንድ ለቅሞ የሚያስቀምጥ ግጥም መጻፍ ከባድ ነው። ሌላው ግማሽ ግን ክሱ የሚረሳው ነው። ይህ አልበም ካንትሪ የሚባል ነገር ሰምተው የማያውቁ ሰዎችን በሌላ በር አስገብቷል። በኤፕሪል 2022 ኮቼላ በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ እንግሊዛዊው ዘፋኝ ሃሪ ስታይልስ ትዌይንን መድረክ ላይ ጠርቶ ሁለቱን ዘፈኖቿን አብሯት ሲዘፍን፣ ሲወጡ ገና ያልተወለደው ታዳሚ ቃል በቃል ያውቃቸው ነበር።

ድምፅን በተመለከተ አንድ ማሳሰቢያ። ትዌይን ከዚህ አልበም በኋላ በመዥገር የሚተላለፈው የላይም በሽታ ይዟት የድምፅ አውታሯን የሚቆጣጠሩት ነርቮች ተጎድተዋል፤ ቀዶ ሕክምናም አድርጋለች። በኋለኞቹ ሥራዎቿ የምትሰሙት ሻካራና ወፈር ያለ ድምፅ ከዚያ የመጣ ነው። በቅርብ የተቀረጸ የመድረክ ቅጂ ሰምቶ «አልበሙ ላይ ማሽን ነው ያዘፈናት» ማለት ስሕተት ነው፤ የ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንሰርት ቪዲዮዎች ድምፁ የራሷ እንደነበር ያሳያሉ።

መግዛት ወይም ማውረድ ለሚፈልግ፣ እትሙን ለመለየት የሽፋኑን ፎቶ አትመኑ፤ የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል እዩ። አንደኛው ዘፈን «ማን! አይ ፊል ላይክ ኤ ውማን!»፣ መጨረሻው «ዩቭ ጎት ኤ ዌይ» ከሆነ የአሜሪካው ካንትሪ እትም ነው። በ«ዩር ስቲል ዘ ዋን» ተከፍቶ በ«ሮክ ዚስ ካንትሪ!» የሚዘጋው ዓለም አቀፉ ነው። ያገለገለ ሲዲ ስትገዙ ሳጥኑንና ዲስኩን አስተያዩ፤ ሁለቱ እትሞች በየቤቱ አብረው ስለኖሩ ሳጥንና ዲስክ መቀያየራቸው ብርቅ አይደለም። በስትሪሚንግ ላይም ሁለቱ በአንድ ስም ይቀመጣሉ፤ አንዱን ዘፈን ከአንዱ፣ ሌላውን ከሌላው እየለቀመ የተሠራ የዘፈን ዝርዝር ካገኛችሁ የቅንብሩ ሚዛን በየዘፈኑ ይዘላል። ጥርጣሬ ከገባችሁ «ዶንት ቢ ስቱፒድ»ን ክፈቱ፤ ቫዮሊኑ ፊት ለፊት ከቆመ የአሜሪካው ነው።

አልበሙ አንድ ሰዓት ያህል ስለሚረዝም በሸክላ ሲታተም ሁለት ዲስክ ያስፈልገዋል። አንድ ሸክላ በአንድ ገጹ በጥሩ ጥራት የሚይዘው ከ20 እስከ 22 ደቂቃ ነው፤ 30 ደቂቃ ካስገቡበት መስመሮቹ ስለሚጠቡ ድምፁ ይቀንሳል፣ የቤዙም ጉልበት ይላላል። እንዲህ ድራምና ቤዝ ለበዛበት ሥራ ያ ሞት ነው፤ በአንድ ዲስክ የቀረበላችሁን ቅጂ እለፉት። በ2023 የወጣው የ25ኛ ዓመት «ዳይመንድ ኤዲሽን» የመድረክ ቅጂዎችና ሪሚክሶች ስለተጨመሩበት ለሰብሳቢ ይሆናል፤ እሱም በተለያየ ጥቅል ስለቀረበ ከመክፈላችሁ በፊት ውስጡ የትኛው እትም እንዳለ ዝርዝሩን አንብቡ። አንድ ብቻ ለሚገዛ የአሜሪካውን እንመክራለን። ዓለም አቀፉን የሚመርጥ፣ ያደገበት እሱ ስለሆነ ቫዮሊን የሚረብሸው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን «ላቭ ጌትስ ሚ ኤቭሪ ታይም»ን በመጀመሪያው ቅንብር አንዴ ይሞክረው።